ወረቀቱ እንዳይተኛ፦ የዶክትሬት ጥናትን ጀምሮ ስለ መጨረስ

የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪን «ወረቀቱ ከምን ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ፣ ዕድሜው የገፋ ላጤን «ድግሱ መቼ ነው?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ፈገግ ይላል፣ ወሬ ይቀይራል፣ በሌላ ቀን ደግሞ ከሩቅ ሲያያችሁ መንገድ ይሻገራል። እኔም በጊዜዬ አድርጌዋለሁ። አማካሪዬ በደረጃው ሲወርዱ አይቼ የማላውቀው ቢሮ ገብቼ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ያልኩበት ቀን አለ። ዛሬ በደረጃው የምወርደው እኔ ነኝ፤ በር ከፍተው የሚሰወሩትንም አያቸዋለሁ።

ዕውቀት አንሶት ጥናቱን ያቋረጠ ተማሪ አላጋጠመኝም። ያቋረጡት ሁሉ መጀመሪያ ዝም ያሉ ናቸው። «ትንሽ አስተካክዬ ልላክ» ብለው ሁለት ወር ይጠፋሉ፤ ሁለት ወር ስለጠፉ ያፍራሉ፤ ስላፈሩ ሌላ አራት ወር ይጨምራሉ። በመጨረሻ ብቅ የሚሉት የማራዘሚያ ቅጽ ለማስፈረም ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ብልህነት አይደለም፤ ወረቀቱ እንዳይተኛ ስለ ማድረግ ነው።

ርዕስ አያልቅም፣ ጥያቄ ግን ያልቃል

«ጥናትሽ ስለምንድን ነው?» ስትባሉ የምትመልሱት «ስለ ዕቁብ»፣ «ስለ መስኖ»፣ «ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ» እያላችሁ ከሆነ የያዛችሁት ርዕስ ነው። ስለ ዕቁብ ዕድሜ ልክ ሲጻፍ ቢኖር አያልቅም። ጥያቄ ግን መልስ ሲያገኝ ያበቃል፤ ጥናት የሚጨረሰውም በዚህ ብቻ ነው።

አንድ ተማሪ «የዕቁብ ሚና በኢትዮጵያ ኢኮኖሚ» የሚል ፕሮፖዛል ይዞ መጣ እንበል። ሚና ሲል ምን ማለቱ ነው? የትኛውን ዕቁብ? የገጠሩን፣ የመሥሪያ ቤቱን፣ የነጋዴውን? አገሩን በሙሉስ ማን ያዳርሰዋል? እናጥብበው። ቦታ እንስጠውና መርካቶ እንበል። አሁንም ሰፊ ነው፤ ምናለሽ ተራ ይሁን። ሰዎቹን እንለይ፦ ከአሮጌ ብረትና ቆርቆሮ ዕቃ ሠርተው የሚሸጡት። አሁን የሚከነክን ነገር እንፈልግ። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው ያልከፈለውን ብር ቀድሞ ወሰደ፤ ስለዚህ ተበዳሪ ነው። መጨረሻ የወጣለት ደግሞ ሲያበድር ከርሞ ገንዘቡን መልሶ አገኘ፤ ያውም ያለ ወለድ። ዋጋ በሚንርበት ዓመት የመጨረሻው ባለ ዕጣ የሚቀበለው ብር፣ ቁጥሩ እኩል ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ሰው የገዛውን ያህል ቆርቆሮ አይገዛለትም። ታዲያ ሰዎቹ ይህን እያወቁ ለምን ይገባሉ? መጨረሻ የሚደርሰውን ሰው የሚክሱበት መንገድ አላቸው? ይህ የሚያልቅ ጥያቄ ነው፤ ሦስት አራት ዓመት ቢሰጡትም ይበቃዋል።

ጥያቄው ጥያቄ መሆኑን የምትፈትኑት ለአማካሪ ብቻ ሳይሆን ለዕቁቡ ዳኛ በመንገር ነው። «ይሄማ የታወቀ ነው» ካላችሁ ቁጭ ብላችሁ የታወቀውን ስሙት፤ ጥያቄያችሁ ሌላ መሆን ይኖርበታል። «እኔም አስቤው አላውቅም» ካላችሁ ግን ወደ ቤታችሁ ሄዳችሁ ፕሮፖዛሉን ጻፉ።

ስለ «ክፍተት» አንድ ነገር ልበል። «ከዚህ በፊት በዚህ ወረዳ አልተጠናም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር የስንት ፕሮፖዛል ማረፊያ ሆናለች! በሀገራችን ከአንድ ሺህ በላይ ወረዳ አለ። ክፍተት ማለት ያ ከሆነ ተመሳሳዩን ጥናት ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ልንሠራው ነው። ወረዳው ከሌላው የሚለይበት፣ መልሱን ሊቀይር የሚችል ነገር ከሌለው ቦታ እንጂ ክፍተት አይደለም።

አማካሪ ያልተላከለትን አያነብም

«አማካሪዬ አያነብልኝም» የሚለው ቅሬታ እውነት ሲሆን አይቻለሁ። የእኔ የመጀመሪያ ምዕራፍ አምስት ወር ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ፣ በመጨረሻ ሳገኘው ሽፋኑ ላይ የቡና ስኒ ክብ አርፎበት ነበር። ዛሬ ከሌላው ወንበር ሆኜ ሳየው ግን ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው፤ 90 ገጽ ጥራዝ በአንድ ጊዜ አስቀምጬላቸው፣ ምን እንደምፈልግ አንዲት ቃል ሳልናገር ነው የወጣሁት። የ90 ገጽ ጥራዝ ያየ ሰው «ጊዜ ሳገኝ» ይላል። 14 ገጽ ያየ ሰው ግን ማታውኑ ያነበዋል።

እንዲህ ብላችሁ ላኩ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። የሦስተኛውን ምዕራፍ የመጀመሪያ 14 ገጾች አያይዣለሁ። በተለይ እንዲያዩልኝ የምሻው ሁለት ነገር ነው፦ ናሙና የመረጥኩበት መንገድ በቂ ማብራሪያ አለው ወይ? ገጽ 9 ላይ ያለው ሠንጠረዥስ ይቅር ወይስ ይቆይ? ማክሰኞ 8 ሰዓት ላይ ቢሮ እመጣለሁ፤ ካልተመቸዎት የሚመችዎትን ቀን ይንገሩኝ።» በዚህ መልእክት ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ አጭር ሥራ፣ የሚመለስ ጥያቄ፣ የተቆረጠ ቀን። ቀኑ ከሁሉ ይበልጣል። «ሲመችዎት» ተብሎ የተተወ ቀጠሮ አይመጣም።

በእኛ ዘንድ ተማሪ መምህሩን መጎትጎት ነውር ይመስለዋል። አስታዋሽ መልእክት መላክ እንደ መድፈር፣ ዝም ብሎ መጠበቅ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። እኔ በበኩሌ የሚጎተጉተኝን ተማሪ እወዳለሁ፤ ያልጎተጎተኝን እንደረሳሁት የማውቀው የክፍል ኃላፊው ሪፖርት ሲጠይቀኝ ነው።

ከውይይቱ ስትወጡ እዚያው ኮሪደር ላይ ቆማችሁ የተስማማችሁበትን ሦስት መስመር ጻፉና በኢሜይል ላኩላቸው። አማካሪ ለስብሰባ ይሄዳል፣ ለሹመት ይጠራል፣ ውጭ ሀገር ይቀራል፤ ወይም እንደ እኔ ይረሳል። ባለፈው ወር «ይህን ምዕራፍ አውጣው» ያለ ሰው በዚህ ወር «የት አደረስከው?» ሲል ያቺ ኢሜይል ታተርፋችኋለች። ሁለት አማካሪ ያላችሁ ደግሞ በመካከላቸው መልእክተኛ አትሁኑ። ዋናው አንድ ነገር፣ ረዳቱ ሌላ ሲሉ ሁለቱንም በአንድ ኢሜይል አስገቡና «ከእነዚህ ከሁለቱ በየትኛው ልቀጥል?» በሉ። ያኔ እነሱ ይነጋገራሉ።

ንባብ፦ ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ፊደል

የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት እንደ ለቅሶ ቤት መዝገብ «እከሌ እንዲህ አለ፣ እከሊትም እንዲህ አለች» እየተባለ ስም የሚቆጠርበት አይደለም። ለምታነቡት እያንዳንዱ ጽሑፍ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን አለ? በምን አወቀ? ለእኔ ምኔ ነው? ሦስተኛውን መመለስ ካልቻላችሁ ጽሑፉ የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን ወረቀታችሁ ውስጥ ቦታ የለውም።

ጽሑፍ አጣሁ የሚል ተማሪ በፍለጋ ማሽን ብቻ የፈለገ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ የሠሯቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች በኢንተርኔት አስቀምጧል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ አለ። ለጤና «ሂናሪ»፣ ለግብርና «አጎራ» የሚባሉት፣ በሪሰርች ፎር ላይፍ ሥር ያሉ አገልግሎቶች እንደ ኢትዮጵያ ላሉ ሀገሮች ተቋማት ውድ ጆርናሎችን በነፃ ይከፍታሉ፤ የይለፍ ቃሉን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎቻችሁን ጠይቁ። ደግሞም መጽሐፍ ያልሆነ ወረቀት አትናቁ። የታሪክ ምሁሩ የመርዕድ ወልደ አረጋይ የ1971 (እ.ኤ.አ.) የለንደን ዶክትሬት፣ መጽሐፍ ሆኖ ሳይወጣ፣ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ታሪክ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሲጠቅሰው የኖረ ነው። የታደሰ ታምራት ደግሞ በ1968 ለንደን ውስጥ ቀርቦ በ1972 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ኦክስፎርድ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። ሁለቱም መጀመሪያ እንደ እናንተው የተማሪ ወረቀት ነበሩ።

አሁን ብዙ ወረቀት ላይ የማየው ስሕተት። ዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌር ተጠቀሙ፤ ዞቴሮ ነፃ ነው፣ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አገልግሎት ላይ አለ። ነገር ግን የተሠራው ስሙ በቤተሰብ ስም ለሚያበቃ ሰው ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው። የታሪክ ጸሐፊው ባሕሩ ዘውዴ በዋቢ ዝርዝራችሁ ውስጥ «ዘውዴ፣ ባ.» ሆነው ከወጡ መጽሐፉን የጻፉት አባታቸው ናቸው ማለታችሁ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዞቴሮ ላይ ከደራሲው ስም አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትጫኑ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ፤ እዚያ ላይ «ባሕሩ ዘውዴ» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። ጆርናሉ ሌላ ሥርዓት ካስገደደ ያን ጊዜ ትቀይሩታላችሁ፤ እስከዚያው ግን ሰውየው በስማቸው ይጠሩ።

ዓመተ ምሕረቱም ሌላ ወጥመድ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» 1958 ዓ.ም. ታተመ። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ዝርዝር የገለበጠ ተማሪ መጽሐፉን ቢያንስ ሰባት ዓመት አስረጀው። ወሩን ካወቃችሁ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ጨምሩ፤ ወሩን ካላወቃችሁ 1965/66 ብላችሁ ሁለቱንም ዓመት ጻፉ። የቃለ መጠይቅ መዝገባችሁም ላይ እንዲሁ ነው። መቅጃው 9፡00 ሲል ማስታወሻ ደብተራችሁ 3 ሰዓት ይላል፤ ከስድስት ወር በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ አታስታውሱትም።

በአማርኛ ስትፈልጉ ደግሞ ፊደሉ ይጫወትባችኋል። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ፦ ለእኛ አንድ ናት፣ ለኮምፒዩተር ግን አራት የተለያዩ ቃላት። «ኃይለ»፣ «ሀይለ»፣ «ሃይለ» ብላችሁ ሦስቱንም ካልፈለጋችሁ «የለም» የተባላችሁት ሰነድ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ፣ በጥንቶቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፉ ፋይሎች ስትከፍቷቸው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ይወጣሉ። ፋይሉ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ የሚቀይር ፕሮግራም አለ። ቻትጂፒቲን ዋቢ ፈልግልኝ ማለት ግን ተዉ። ማንም ያልጻፈውን መጽሐፍ ከነገጹ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ፈታኛችሁ ደግሞ በዚያ ዘርፍ የተጻፈውን በሙሉ የሚያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል።

ደብዳቤ፣ ማኅተምና የመስክ ሥራ

ዩኒቨርሲቲው ለዞን ይጽፋል፣ ዞኑ ለወረዳ ይመራል፣ ወረዳው ለቀበሌ። በየደረጃው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባል ነገር አለ። ለዚህ ብቻ ሁለት ሳምንት በዕቅዳችሁ ውስጥ ያዙ። የትብብር ደብዳቤውን ማኅተም ያረፈበት ኦሪጅናል አድርጋችሁ በአምስትና በስድስት ቅጂ አስወጡት፤ እያንዳንዱ ቢሮ አንዱን ፋይሉ ውስጥ ያስቀራል፣ ፎቶ ኮፒ የሚቀበል ደግሞ ጥቂት ነው። ደብዳቤውን የመራላችሁን ሰው ስምና የቢሮ ቁጥር ጻፉ። በኋላ ትመለሱበታላችሁ።

ቀን ስትመርጡ ሁለት ካሌንደር ዘርጉ፦ የእርሻውንና የሃይማኖቱን። በክረምት መንገዱ ይዘጋል፣ በአጨዳ ወቅት አርሶ አደሩ ለእናንተ ጊዜ የለውም፣ በረመዳን ከሰዓት በኋላ የደከመን ሰው ረጅም መጠይቅ ማስሞላት ግፍ ነው። በሌላ በኩል በሰሜንና በመካከለኛው ገጠር ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም በሚውሉበት ቀን ማረስ የለም፤ ገበሬው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ለእርሻ ሥራ የማይሆን ቀን ለቃለ መጠይቅ ከሁሉም የተሻለ ነው። ይህን የነገረኝ ፕሮፌሰር ሳይሆን ያሳፈረኝ ባለ ጋሪ ነው።

የፈቃደኝነት ቅጽ ስታስፈርሙም አስተውሉ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፊርማ ይፈልጋል፤ ሰውየው ግን ከከተማ የመጣ ሰው ባዘጋጀው ወረቀት ላይ መፈረም መሬት ወይም ግብር ያስመጣ ይሆን ብሎ ይሰጋል። የቃል ፈቃድ በድምፅ ተቀድቶ እንዲያዝላችሁ ኮሚቴውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማመልከቻው ላይ ካልጻፋችሁት በኋላ አይፈቀድም።

ናሙና ስታወጡ የሕዝብ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። በሀገራችን የተካሄደው የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የምታዩት አሃዝ ሁሉ ትንበያ ነው። «ትንበያ» ብላችሁ ጻፉት። ቀበሌው የራሱ የቤተሰብ መዝገብ ካለው ከእሱ ጋር አስተያዩና ልዩነቱን ግለጹ፤ ፈታኝ የሚወደው ልዩነቱን ያልደበቀ ተማሪ ነው።

«ተመስገን» ስንት ነጥብ ነው?

አንዲት ተማሪ የኑሮ እርካታን የሚለካ መጠይቅ ይዛ ሄደች። ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ያለው፣ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ። «በኑሮዎ ምን ያህል ረክተዋል?» ስትላቸው እናቶቹ «ተመስገን» አሏት። መረጃ ሰብሳቢው «ተመስገን»ን አምስት ብሎ ሞላው። ወረቀቱን ሳየው ያ ቀበሌ በደስታ ዓለምን የሚመራ ይመስል ነበር። ቆይታ አንዷን እናት «ዘንድሮ እህል እስከ ስንት ወር ይደርሳል?» ብትላቸው «እስከ ግንቦት ከደረሰ ምን አለበት» አሉ። «ተመስገን» ሰላምታ ነው እንጂ ነጥብ አይደለም። መጠይቁን ወደ ሜዳ ከመውሰዳችሁ በፊት ለአሥር ሰው አንብቡና ሲመልሱ ፊታቸውን እዩ።

አብዛኞቹ የዶክትሬት ወረቀቶች በእንግሊዝኛ ስለሚጻፉ ተማሪዎች ቃለ መጠይቁን ገና ከመቅጃው ሲያወርዱት ይተረጉሙታል። እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። በአማርኛ የተባለውን በአማርኛ ጻፉት፣ በአማርኛ ተንትኑት፣ ጽሑፉ ውስጥ የምትጠቅሷትን ዓረፍተ ነገር ብቻ መጨረሻ ላይ ተርጉሙ። «ይሉኝታ ይዞኝ ዕቁቡን አልተውኩም» ያላችሁን ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን «አፍሬ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ከመዘገባችሁት፣ ጥናቱ ሊያገኘው ይችል የነበረው መልስ እዚያው ጠፋ። ይሉኝታ የራስ እፍረት አይደለም፤ ሌላው ምን ይለኛል ማለት ነው፣ ዕቁብን የሚያቆመውም ምናልባት እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል እንዳለ አስቀምጡትና አንድ አንቀጽ ሙሉ አብራሩት። በነገራችን ላይ የአንድ ሰዓት ንግግር ከመቅጃ ላይ መጻፍ የአንድ ሰዓት ሥራ አይደለም፤ ለጀማሪ ግማሽ ቀን ይበላል። 40 ቃለ መጠይቅ ያቀደ ሰው ይህን ያስላ።

መጻፍ

ብዙዎች «መረጃው ይጠናቀቅና እጽፋለሁ» ይላሉ። መረጃ አይጠናቀቅም። ከፕሮፖዛሉ ማግሥት የአጠናን ዘዴውን ምዕራፍ ጻፉ፤ አብዛኛው እጃችሁ ላይ አለ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ፕሮፖዛል በወደፊት ጊዜ ነው የሚጻፈው። ተጠናቅቆ፣ ተጠርዞ የመጣ ጽሑፍ ውስጥ «መረጃው ከአራት ቀበሌዎች ይሰበሰባል» የሚል ዓረፍተ ነገር ፈታኝ ሲያገኝ ምን እንደሚል ከሰማሁት ብነግራችሁ አታምኑኝም። «ይሰበሰባል»፣ «ይመረጣል»፣ «ይተነተናል» የሚሉትን በኮምፒዩተሩ ፈልጋችሁ አንድ በአንድ አስተካክሉ። ከዚያ ውጤቱን፣ ቀጥሎ ውይይቱን ጻፉ፤ ቅኝቱን መልሳችሁ ከልሱ። መግቢያው ከመደምደሚያው በኋላ ይጻፋል፤ ወዴት እንደምትሄዱ ሳታውቁ «ኑ ተከተሉኝ» ማለት አይቻልም።

ውጤት አጻጻፍ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ወረቀት የሚደክመው እዚህ ነውና። የሚከተለው ለማሳያ የፈጠርኩት ነው፦ «በሠንጠረዥ 4 እንደተመለከተው ከመላሾቹ አብዛኞቹ ‹አዎ› ሲሉ ጥቂቶቹ ‹አይ› ብለዋል። ይህም አብዛኞቹ ‹አዎ› ማለታቸውን ያሳያል።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው ማሚቶ ነው፣ የመጀመሪያው ደግሞ የሠንጠረዡ። አሁን እንዲህ ይባል፦ «ዕጣ ቀድሞ የወጣላቸው ገንዘቡን ለጥሬ ዕቃ ሲያውሉት፣ ዘግይቶ የወጣላቸው ለቤት ኪራይና ለዕዳ ከፍለውታል (ሠንጠረዥ 4)። ዘግይተው የተቀበሉት በመሃል የተበደሩትን ሲመልሱ እንደነበር ከቃለ መጠይቁ መረዳት ይቻላል።» ሠንጠረዡ ያው ነው። እዚህ ግን ሰዎቹ ይታያሉ፣ ምክንያቱም አለ፣ አንባቢው ሠንጠረዡን ማየት ያለበት ማስረጃ ሲፈልግ ብቻ ነው።

በቀን ስንት ሰዓት? ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ተማሪ ሳለ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት ደቂቃ እየቆጠረ ማጥናት ጀመረ፤ ዛሬ በ25 ደቂቃ ዘዴው በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ይጠቀማል። ለእኔ አልሆነኝም፤ 25 ደቂቃ ቡናው እስኪፈላ ነው። የሆነኝ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት፣ ልጆች ሳይነቁ፣ ስልክ በሌላ ክፍል ተቀምጦ ነው። አብዛኞቻችሁ መምህራን ናችሁ፣ የትምህርት ፈቃድ ላይ እያላችሁም «አንድ ኮርስ ብቻ ሸፍንልን» የሚላችሁ አይጠፋም። ሙሉ ቀን አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ያለ ድርድር። ስትነሡ ደግሞ ገጹ ግርጌ ላይ «ነገ ከዚህ፦ የሁለተኛው ቀበሌ ልዩነት» ብላችሁ ጻፉ። ባዶ ገጽ ፊት መቀመጥ ጠዋትን የሚበላው እንዲህ ያለ ማስታወሻ ሲጠፋ ነው።

ፋይል

እኔ ሁለት ምዕራፍ ያጣሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ከነፍላሹ አንድ ቦርሳ ውስጥ ነበርና አብረው ሄዱ። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፦ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ቤት በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ምዕራፉን በወንድማችሁ ፍላሽ ላይ ቅዱት። የፋይሉን ስምም «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ «የአሁኑ እውነተኛ» አትበሉት፤ ምዕራፍና ቀን ይበቃል።

ጆርናል

ከዲፌንስ በፊት የታተመ ጽሑፍ የሚጠይቅ ክፍል ካለ ይህን ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ አስቡበት። ጥሩ ጆርናል ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ያስጠብቃል። በአንድ ሳምንት «ተቀብለናል፣ ክፍያውን ላኩ» ያላችሁ ግን የሚያየው ገንዘባችሁን ነው። በዴንቨሩ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበረው ጄፍሪ ቢል የእንዲህ ዓይነቶቹን ስም ለዓመታት ሲዘረዝር ቆይቶ ዝርዝሩ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከድረ ገጹ ወረደ፤ ጆርናሎቹ ግን አሉ። ለሀገር ውስጦቹ ትምህርት ሚኒስቴር ገምግሞ ዕውቅና የሰጣቸውን እዩ። ከዚያ ውጭ ቀላሉ መመዘኛ ይህ ነው፦ ዋቢ ዝርዝራችሁ ውስጥ ደጋግሞ የመጣው ጆርናል የትኛው ነው? መጀመሪያ ወደዚያ ላኩ።

ዲፌንስና ከዚያ በኋላ

20 ደቂቃ ተሰጥቷችሁ 60 ስላይድ ይዛችሁ አትቅረቡ። 12 ይበቃል፤ ከነዚያም የታሪክ ዳራው አንድ ብቻ ይሁን። ፈታኞች ጽሑፉን አንብበውታል፣ የሚፈልጉት እናንተ ስለ ሥራችሁ ስታወሩ መስማት ነው። ከሳምንት በፊት ሁለት ጓደኞቻችሁን አስቀምጡና ክፉ ክፉውን ጥያቄ ይጠይቋችሁ። የምትፈሩት ጥያቄ ይኖራል፤ እሱ ይጠየቃል፣ አስቀድማችሁ ጽሑፉ ውስጥ መልሱት። ያላደረጋችሁትን «አላደረግኩም፣ ምክንያቱም» ብላችሁ በግልጽ ንገሩ። በእርግጥ የማውቀው ነገር ቢኖር ፈታኝ የሚበረታው የሚሸሽ ተማሪ ላይ ነው።

ዕልልታው፣ አበባው፣ ፎቶው ያልፋል። ከዚያ እርማት አለ፣ ቀነ ገደቡም አጭር ነው። እዚህም ላይ የሚተኛ ወረቀት አለ፤ «ዶክተር» ተብሎ ተጠርቶ እርማቱን ሳያስገባ ወራት የቆየ ሰው አውቃለሁ። የፈታኞችን አስተያየት በሠንጠረዥ አስፍሩ፦ የተባለው፣ ያደረግኩት፣ የተደረገበት ገጽ። በበዓሉ ማግሥት ጀምሩት።

ሲያልቅም አምስትና ስድስት ቅጂ ታስጠርዛላችሁ፦ ለዩኒቨርሲቲው፣ ለአማካሪ፣ ለእናታችሁ። አንድ ጨምሩ። ያገኛችሁትን በሦስት ገጽ አማርኛ፣ ወይም በአካባቢው ቋንቋ፣ አሳጥራችሁ ከቅጂው ጋር ወደ ወረዳው ውሰዱት። ደብዳቤያችሁን ለቀበሌው የመራላችሁ ሰው የቢሮ ቁጥሩ ማስታወሻችሁ ላይ አለ።